ብረት የሌለበት ውሃ

ቷ። ቷ። ቷ።

ዓይኔን ሳልገልጥ ብዙ ሰማሁት። ድንጋይ በባዶ ፕላስቲክ ላይ ሲያርፍ፣ ከዚያ ሽቦ ሲጎተት፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ እንደገና ቷ። ልማዴ ሆኖ በግማሽ እንቅልፍ የሰማሁትን ድምፅ ወደ ሌላ ነገር እለውጠዋለሁ። ጀልባ አደረግሁት። ጀልባው ወንዙን ይዞ ወደ ታች እየወረደ፣ እኔ ብቻዬን ተሳፍሬበት፣ የትም መድረስ ሳይኖርብኝ...

«ሙዘሚል! ሰውዬው ግቢውን ሊያፈርሱት ነው፣ አንተ ትተኛለህ?» አለች እናቴ።

ስወጣ አጎቴ ዐብደልባጊ በአሥራ ሁለት ጀሪካኖች መካከል መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የእያንዳንዱን የሽቦ እጀታ በድንጋይ እየመቱ ያላሉታል፣ በጉጠት ይነቅሉታል፣ ወደ አጥሩ ይወረውሩታል። አጎቴ የምላቸው ለአክብሮት ነው እንጂ የሥጋ ዝምድና የለንም፤ የአባቴ የባቡር ሐዲድ ባልደረባ ነበሩ። አባቴ ሞተ፣ ባቡሩ ቆመ፣ እሳቸው ወርቅ ፍለጋ ገቡ። በዚያ ዓመት በናይል ዳር ከበርበር እስከ አቡ ሐመድ ወርቅ ፍለጋ ያልወጣ ወንድ ማግኘት ይከብድ ነበር። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን እንኳ ጠመኔውን ጥሎ ሄዷል።

«እጀታ የሌለው ጀሪካን በምን ይያዛል?» አልኳቸው።

«በአንገቱ።»

«ግን ለምን...»

«ሽቦ ብረት ነው ልጄ። ብረት ደግሞ ይጮኻል።»

ሌላ አላስረዱኝም። መንደሩ ሁሉ ስለሚያውቀው ማስረዳትም አያስፈልግም ነበር። ባለፈው ዓመት እሳቸውና ታናሽ ወንድማቸው ሐመድ ወደ በረሃው ሲገቡ የመመለሻ ውሃቸውን በብረት በርሜል አሸዋ ውስጥ ቀበሩ። ሌሎች ወርቅ ፈላጊዎች በዚያ ሲያልፉ የብረት መፈለጊያ መሣሪያቸው ጮኸ። ወርቅ ነው ብለው ቆፈሩ፣ ውሃ አገኙ፣ ጭነውት ሄዱ። ወንድማማቾቹ ሲመለሱ የጠበቃቸው ባዶ በርሜል ነው። ሐመድ እዚያው በርሜሉ አጠገብ ተቀበረ። ዐብደልባጊ ብቻቸውን እንዴት እንደወጡ ለማንም ተናግረው አያውቁም።

የአሁኑ የበረሃ ጉዟችን ዝግጅት አንድ ሳምንት ፈጀ። እናቴ የማሽላ ቂጣ ጣሪያው ላይ አድርቃ ሰባብራ በጆንያ ሞላችልኝ፤ በውሃ ሲርስ ምሳ፣ ስኳር ሲነሰነስበት ራት ይሆናል። ተምር፣ ሽንኩርት፣ ሻይ፣ ጨው፣ ሁለት ትርፍ ጎማ፣ አካፋ፣ መኪና አሸዋ ሲውጠው ከሥሩ የሚነጠፍ ጣውላ። የእኔ ሥራ መፈለጊያውን መያዝ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ስለጨረስኩ የመሣሪያውን መመሪያ አንብቦ የገባው እኔ ብቻ ነኝ ተባለ፤ የገባኝ ግማሹ ነው፣ ግማሹን እንደገባኝ ግን አልተናገርኩም። ባለፈው ጎርፍ የቤታችን ሁለት ግድግዳ ፈርሶ እናቴ በጆንያ ጋርዳ ትኖር ስለነበር፣ ሌላ አማራጭም አልነበረኝም።

ሹፌራችን ጠይፉር ላንድክሩዘር ፒክአፑን ይዞ ሲመጣ ገና ከመውረዱ ጀሪካኖቹን አይቶ፣ «ምንድን ናቸው እነዚህ? ጆሯቸውን የተቆረጡ ድመቶች!» አለ።

«ማሻ አላህ በል!» ብለው ጮኹበት አጎቴ ዐብደልባጊ።

«ማሻ አላህ፣ ማሻ አላህ። ምን ያስጮኻል?»

እኛ የሩባጣብ ጎሳ ሰዎች አፋችን ይፈራል። አንዳችን አንድን ነገር ከሌላ ጋር ካመሳሰልነው ያ ነገር ይሰነጠቃል፣ ይታመማል፣ ይጠፋል ይባላል። ስለዚህ ተናጋሪው ወዲያው ማሻ አላህ ይላል፤ እስኪል ድረስም ሰው ትንፋሹን ይይዛል። ጠይፉር ደግሞ ከእኛም ይብሳል። መኪናው ተጭኖ ሲያበቃ ዞሮ ዞሮ አየውና፣ «መንታ ያረገዘች ግመል» አለ። ማሻ አላህ ማለቱን ረሳ። በሁለተኛው ቀን የኋላው ባሌስትራ ተሰበረ። «ወለደች» አለ፣ ከሥሯ ተኝቶ በገመድ እየጠፈራት።

አራተኛው ሰው ኦሼክ ነበር። ቤጃ ነው፤ ከምሥራቅ ተራሮች። ከዋናው መንገድ ወዲያ ያለውን በረሃ ከእሱ በስተቀር የሚያውቀው አልነበረንም። ወሬ አያበዛም። በግራ ክንዱ፣ ከክርኑ ከፍ ብሎ፣ በቆዳ ሰገባ የገባች ቢላዋ ታስራለች። የአያቱ ናት። ሲተኛም ሲሰግድም አይፈታትም፤ ሥጋ ሲቆርጥባት ግን አይቼ አላውቅም።

በምንነሳበት ጠዋት አጎቴ ዐብደልባጊ አራታችንንም መኪናው አጠገብ አቆሙን። እጃችንን ጀሪካኖቹ ላይ አስጫኑን።

«ከውሃው ጋር ብረት የቀበረ ከእኛ አይደለም። በሉ።»

አልን። ጠይፉር እንደ ቀልድ አለው። እኔ ቶሎ ብዬ አልኩት። ኦሼክ ትንሽ ቆየ፣ አሸዋው ምልክት ይበላል ብሎ ሊናገር ጀመረ፣ ዐብደልባጊ እጃቸውን አነሱ። ከዚያ እሱም አለ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የመመለሻውን ውሃ፣ ከአሥራ ሁለቱ ጀሪካኖች ስምንቱን፣ ቀበርን። ቦታው ሁለት ጥቁር ጉብታዎች ፊት ለፊት የሚተያዩበት ሜዳ ነው። ከስምንቱ ጀሪካኖች ላይ ክንድ የሚያህል አሸዋ ስንመልስ፣ ዐብደልባጊ አሮጌ ጎማ አጋድመው ሦስት ነጭ ድንጋይ ከበቡበት። ጠይፉር በትንሿ የሳተላይት መሣሪያው ቦታውን መዘገበ። ሽማግሌውና ሹፌሩ ወደ መኪናው ሲሄዱ አካፋውን ልወስድ ተመለስኩ። ኦሼክ ተንበርክኮ ነበር። ክንዱን አሸዋው ውስጥ እስከ ብብቱ ሰዶታል። ሲያወጣው ሰገባው ባዶ ነው።

አየኝ። አየሁት።

«አየህ?» አለኝ።

«አላየሁም» አልኩ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ደስ እንዲለው መሰለኝ።

* * *

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት አንድ ረጅም ቀን ናቸው። ጎማ ማስተንፈስ፣ መግፋት፣ አሸዋ መዛቅ፣ ጣውላ ማንጠፍ፣ ሃምሳ እርምጃ መሄድ፣ እንደገና ማንጠፍ። ስንደርስ ደግሞ እኔ ከጠዋት እስከ ቀትር ጆሮዬን በማዳመጫ ደፍኜ የመሣሪያውን ክብ ሳህን ከመሬት ከፍ አድርጌ ግራና ቀኝ እወዘውዛለሁ። ጠይፉር ከመኪናው ጥላ ሥር ሆኖ ያየኛል።

«ሙዘሚልን እዩት እስቲ! ስልክ ተደውሎለት የደወለለት ሰው ዝም ያለበት! ማሻ አላህ።»

እውነቱን ነው። ማዳመጫው ውስጥ ያለው ዝምታ የራሱ ድምፅ አለው፤ ቀጭን እንደ ትንኝ። ሰዓታት ሲያልፉ የማላውቃቸው ሰዎች በሩቅ የሚያወሩ ይመስለኛል። አንዳንዴ እስቃለሁ። በስድስት ቀን ያገኘነው በአንዲት የዓይን ጠብታ ጠርሙስ ሥር ምስር ፍሬ የሚያህሉ ጥቂት ነገሮች ነበሩ። ከንፈሬ ተሰነጠቀ፣ መዳፌ ተላጠ፣ ሽንት ቤት መሄድ ተረሳ። ማታ ምን እንበላ የሚል ሰው ጠፋ፤ የሚበላው የታወቀ ነው።

ቢላዋዋ እንደሌለች መጀመሪያ ያየው ጠይፉር ነው።

«አንተ የተራራ ሰው፣ ሰገባህ ምነው? ባሏ ሥራ ብሎ ወጥቶ የቀረባት ሴት መሰለች እኮ፤ በሩ ክፍት፣ ቤቱ ባዶ!»

ኦሼክ ሰገባውን በሸማው ሸፈነ። ጠይፉር በየቀኑ አዲስ ያመጣል። ጥርስ የሌላት ሙሽራ። ምላስ የሌለው ዳኛ። ኦሼክ ሻዩን ይጠጣል፣ ተምሩን ይበላል፣ ፍሬውን በአሸዋ ይቀብራል። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ ዞረ። የጫማዬን ማሰሪያ ማሰር ጀመርኩ።

በስምንተኛው ቀን የእሱ አገር ሰዎች የተሳፈሩበት የጭነት መኪና በአጠገባችን አለፈ፣ ቆመም። ኦሼክ ሄዶ በቋንቋቸው ረዘም ያለ ሰላምታ ተለዋወጠ። ሲመለስ አጎቴ ዐብደልባጊ ቆመው ይጠብቁት ነበር።

«ምን አልካቸው?»

«ሰላም አልኳቸው።»

«ይሄ ሁሉ ሰላም ነው?»

«የእኛ ሰላምታ ረጅም ነው አጎቴ። ግመሎቹንም እንጠይቃለን።»

ጠይፉር ሳቀ። ዐብደልባጊ አልሳቁም።

«ቢላዋህ የት ነች? ለማን ሰጠሃት? በምን ለወጥካት?»

ዝም አለ።

«ውሃዬ ያለበትን ለማን ነገርክ?»

«ለማንም አልነገርኩም።»

«እሺ ቢላዋህስ?»

ኦሼክ ሸማውን ሰገባው ላይ ጎተተ። ፀሐዩ ከላይ፣ ሙቀቱ ከታች፣ እኔ መሃል ቆሜ አፌ ውስጥ የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር ነበረኝ። ውሃው ዘንድ ናት አጎቴ፣ እኔ አይቻለሁ። ይኼው ነው፤ ስድስት ቃል። ግን ብናገር ኦሼክ መሐላውን ማፍረሱ ይወጣል። እሳቸው ደግሞ የወንድማቸውን በርሜል እያሰቡ ያቺን ብረት ሊያወጡ ሁለት ቀን መንገድ ይመለሳሉ፤ ነዳጁ ያልቃል፣ ፍለጋው ያበቃል፣ የእናቴ ግድግዳ ጆንያ እንደሆነ ይቀራል። ይህን ሁሉ በልቤ አስልቼ ስጨርስ አጎቴ ዐብደልባጊ ዞረው ሄደዋል። የሰው ልጅ ዝም ለማለት ሁልጊዜ ጥሩ ምክንያት ያገኛል፤ እኔ በዚህ ጎበዝ ነኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኦሼክን ውሃ ራሳቸው ይቀዱለት ጀመር። ለእኛ እስከ ኩባያው አፍ፣ ለእሱ አንድ ጣት ጎደል አድርገው። ብዙ አይደለም። አንድ ጣት ብቻ። ኦሼክ ሁልጊዜ በሁለት እጁ ይቀበልና «አላህ ይስጥልኝ» ይላል።

በአሥረኛው ቀን ነፋሱ መጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ከመኪናው ሥር በሸራ ተሸፋፍነን ዋልን፣ አደርን። አሸዋው ጥርሳችን ውስጥ፣ ሻዩ ውስጥ፣ ጠርሙሷ ውስጥ ሳይቀር ገባ። ሲያበቃ ዐብደልባጊ ተነስተው ሰማዩን አዩ።

«ይበቃናል። እንመለስ» አሉ። ማንም አልተከራከረም።

መመለሱ ከመሄዱ ባሰ። ራዲያተሩ ተሰነጠቀ፤ ጠይፉር በሳሙናና በተምር ለጥፎት እንኳ ያንጠባጥባል። ሰው የሚጠጣውን መኪናው ይጠጣ ጀመር። ሁለቱ ጉብታዎች በአሥራ አራተኛው ቀን ጠዋት ሲታዩ የቀረን ውሃ የአንድ ጀሪካን ሩብ ነበር፤ ከዚያ እስከ ናይል ደግሞ ገና ሁለት ቀን። ቢሆንም ስናያቸው ጠይፉር ጥሩምባ ነፋ። ውሃችን እዚያ ነው።

ደረስን። ጎማ የለም። ነጭ ድንጋይ የለም። በሁለቱ ጉብታዎች መካከል የነበረው ሜዳ ቆርቆሮ የመሰለ፣ እጥፍጥፍ ያለ አዲስ አሸዋ ለብሷል፤ አንዱ ቦታ ከሌላው አይለይም። ጠይፉር የሳተላይት መሣሪያውን አወጣ፤ መስታወቷ በሙቀት ጠቁሮ ምንም አይነበብባትም። በጭኑ ላይ መታት፣ ተፋባት፣ ጠረጋት፣ መልሶ ኪሱ ከተታት።

«እዚህ ጋ ነው» አሉ ዐብደልባጊ። ቆፈርን። አይደለም።

«ወዲህ ነው፤ የጉብታው ጥላ እዚህ ያርፍ ነበር።» ቆፈርን። አይደለም።

ፀሐይዋ ከፍ አለች። ከመኪናው ያወረድናቸውን የአልጋ ብረት የሚያህሉ ዘንጎች ይዘን አሸዋውን እየወጋን ተሰለፍን። ወጋ፣ ንቀል፣ አንድ እርምጃ፣ ወጋ። ኦሼክ ከሁላችን ርቆ፣ በሜዳው ዳር ይወጋል። ወደ መኪናው አላየም፣ ወደ እኔም አላየም። የአገሩ ሰዎች የውሃ ጉድጓድ በምሥራቅ ተራሮች እንዳለ ነግሮን ነበር፤ መኪና የማይገባበት፣ በእግር ሁለት ቀን። ያለ ውሃ ሁለት ቀን መሄድ ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ ዐብደልባጊ ያውቃሉ። ሐመድ አንድ ቀን ተኩል ነበር የሄደው።

መፈለጊያው ከመኪናው የኋላ አልጋ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ከእኔ ሃያ እርምጃ ርቆ። ባትሪው ደግሞ ሙሉ ነው። እኔ ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ ግን ዘንጌን እወጋለሁ። ኦሼክ ራሱ ይናገር ብዬ ጠበቅኩት። ሚስጥሩ የሱ ነው፣ መሐላውም የሱ ነው። ሦስት ሰዓት ጠበቅኩት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሆነ። አጎቴ ዐብደልባጊ ዘንጋቸው ላይ ተደግፈው ቆሙ፣ ከዚያ ቀስ ብለው እንደሚቀመጥ ሰው ሳይሆን እንደሚታጠፍ ልብስ ተቀመጡ። «ሐመድ» ሲሉ ሰማኋቸው። ማንንም አልጠሩም፤ ብቻ አሉት።

ዘንጉን ጣልኩት። ሄጄ ብርድ ልብሱን ፈታሁ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለ ጠይፉር። ድምፁ ደርቆ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። «ወርቅ ልታጠጣን ነው? ፕላስቲክ ይጮኻል እንዴ?»

«ልሞክር» አልኩ።

«አበደ። አጎቴ፣ ልጁ ፀሐይ መታው።»

አልመለስኩለትም። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ዘንግ የወጋንበትን ትቼ ከሰሜኑ ጉብታ ጥግ ጀመርኩ። ግራ፣ ቀኝ። ግራ፣ ቀኝ። ትንኟ ብቻ። አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ጠይፉር እየተንገዳገደ ሮጦ መጣና በእጁ ቆፈረ፤ የዝገት ቀዳዳ የበዛበት የሰርዲን ቆርቆሮ አወጣ። አየው፤ ተሸክሞት ቆመ።

«ቢያንስ ቢላዋ ቢኖረን እንከፍተው ነበር» አለ። ለመቀለድ ነበር፤ ግን ሳቁ ሳይመጣለት ቀረ። ከዚያ ወደ ኦሼክ አየ። ኦሼክ መውጋቱን አቁሞ ቆሞ ነበር፤ ሸማው ከክንዱ ወርዶ ሰገባው ይታያል።

ግራ፣ ቀኝ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ምንም አላይም። ስለዚህ ከማየቴ በፊት ሰማሁት፤ ከሩቅ እንደሚመጣ የሴት እልልታ ቀጭን ብሎ ተነሳ፣ ወፈረ፣ ጆሮዬን ሞላው። ሳህኑን መለስኩት፤ እንደገና። ከመቆሚያዬ ስሸሽ ጠፋ፣ ስመለስ መጣ።

«እዚህ» አልኩ።

ቆፈርን። ክንድ ያህል ወረድን፣ ምንም። ሌላ ግማሽ ክንድ። የጠይፉር አካፋ አንድ ነገር ነካ፤ ቲን አለ። ፕላስቲክ እንዲህ አይልም። ዐብደልባጊ አካፋውን ከእጁ ወሰዱና በጣቶቻቸው አሸዋውን ጠረጉ። በመጀመሪያ የወጣው ከእንጨት የተቀረጸው የቢላዋዋ እጀታ ነው። ከሥሩ፣ ጎን ለጎን፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ጆሮ የሌላቸው ስምንት ጀሪካኖች።

ማንም አልጮኸም። ጠይፉር አፉን ከፈተ፤ አንድ ነገር ከአንድ ነገር ጋር ሊያመሳስል እንደሆነ ገባኝ፤ ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን።

«ማሻ አላህ» ብቻ አለ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ።

አጎቴ ዐብደልባጊ ቢላዋዋን በጀላቢያቸው ጫፍ ጠረጓት። አንድ ጊዜ ይህን ጎኗን፣ አንድ ጊዜ ያንን ጎኗን። ለረጅም ጊዜ። ከዚያ ወደ ኦሼክ ሄዱና እጀታዋን ወደሱ አዙረው ሰጡት። ተቀበላት፣ ሰገባዋ ውስጥ ከተታት። ድምፅ አልነበራትም።

ኩባያውን የሞሉትም እሳቸው ናቸው። እስከ አፉ፣ እስኪፈስ። ለኦሼክ ዘረጉት። ኦሼክ በሁለት እጁ ተቀብሎ ለጠይፉር አሳለፈው። ሁለተኛውን ለእኔ። ሦስተኛውን ለራሳቸው መለሰላቸው። ራሱ በመጨረሻ ጠጣ፤ ቁጢጥ ብሎ፣ በሦስት ትንፋሽ፣ አንድ ጣት አስቀርቶ። ያስቀረውን አሸዋው ላይ አፈሰሰው።

«አጎቴ» አልኩ፤ «በዚያ ቀን፣ እኔ...»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «መሣሪያውን ስታነሳ አወቅሁ።» ፊታቸውን ወደ እኔ አላዞሩም። ሌላ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ራዲያተሩን ሞላን። ጀሪካኖቹን በአንገታቸው እያነቅን ጫንን። ጠይፉር ሞተሩን አስነሳ፤ መኪናዋ ሁለት ጊዜ አስነጥሳ ተነሳች። ዐብደልባጊ የፊት ወንበር ላይ ሆነው በሩን ክፍት ትተውታል፤ ወትሮ ከኋላ ይጫን የነበረው ኦሼክ ከጎናቸው እንዲቀመጥ ጥግ ይዘዋል።

«ግባ ልጄ» አሉት። ልጄ ብለውት አያውቁም ነበር።

ኦሼክ የራሱን የቆዳ ኮዳ ውሃ ሞልቶ አፉን በጠፍር አሰረ። በትከሻው አንጠለጠለው። ከከረጢቱ አንድ እፍኝ ተምር አውጥቶ ከመኪናው የኋላ አልጋ ላይ አስቀመጠ፣ እኔ የምቀመጥበት ጋ። ጫማውን አራገፈ። ከዚያ ፀሐዩን ወደ ጀርባው አድርጎ ወደ ምሥራቅ ተራሮች መሄድ ጀመረ።

ዐብደልባጊ በሩን አልዘጉትም። ጠይፉር ጥሩምባውን አንድ ጊዜ ነፋ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ነፋ።

ኦሼክ አልዞረም።